የካፒቴኑ መርዶ

ልደት፣
ቁልፌን ጥበቃው ጋ ትቼዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምስር ሳይበላሽ ብዪው።

ጎተራ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገብቻለሁ። አትምጪ።

መርዶ በማታ አይነገርም፣ አውቃለሁ። አክስቴ ደውላ የኪዱን ሞት ስትነግርሽ እስኪነጋ መደበቅሽን አልቀየምኩም። ግን ወንድሜ መሞቱን እያወቅሽ፣ ያን ማታ፣ ድራማ ስናይ ራሳችንን ለምንቀርጽበት ሪአክሽን ቻናላችን ካሜራ ፊት አስቀመጥሽኝ። የጠፈር ድራማውን አዲስ ክፍል እያየሁ ስንከተከት ቀረጽሽኝ።
ቀብር ላይ ሳለሁ ቪዲዮውን ለቀቅሽው።
ሰዉ እስካሁን «የሰብሊ ሳቅ ገደለኝ» እያለ ኮሜንት ይጽፋል።

በቃ። የድራማውን የመጨረሻ ክፍል ቀድሜሽ አይቼዋለሁ። እኔም እስኪነጋ ጠብቄ ነው የምነግርሽ፤ የምትሞቺለት ካፒቴን ይሞታል።

ካሜራሽን ፍሪጁ ላይ አቁሜዋለሁ፣ እየቀረጸ ነው። እንግዲህ አልቅሺ።
ለኪዱ ያላፈሰስሽውንም ጨምሪበት።

ሰብሊ