አሮጌውን ካርቡሬተር ለናሙና ለወሰዱት የመለዋወጫ ነጋዴ

ይድረስ ለተከበሩ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ የጥንት መኪናዎችን ዕቃ ለሚነግዱት ጌታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና በተለይም ሲደወልለት የማይነሳው ስልክዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ተስፋዬ የጸና ነው። እኔ በአንዲት ሰማያዊ አሮጌ መኪና ምክንያት ሱቅዎን ደጅ ስጠና የከረምኩት የሹፌሩ ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ሱቅ ስመጣ ወጥተዋል፣ ስደውል ስብሰባ ላይ ነዎት። ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያስቆም ሱቅ ውስጥ ከማን ጋር እንደሚሰበሰቡ ባይገባኝም፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ ይሆናል ብዬ ነው።

ለማያውቁን አንባቢዎች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በመሪ ላይ የኖረ ሰው ነው። ያቺን መኪና የገዛት በወጣትነቱ ሲሆን፣ እናቴን ከአባቷ ቤት ይዞ የወጣውም በእሷ ነው። ባለፈው ዓመት የዓይን ሐኪሙ፣ የዓይኑ ብርሃን ቀስ በቀስ እየከዳው መሆኑን፣ የሚመልሰውም መድኃኒት እንደሌለ ቁርጡን ነገረው። አባቴ ከሐኪም ቤት ሲመለስ የተመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ሳይጠፋ እናቴን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖረው እህቷ ዘንድ ራሱ ነድቶ ማድረስ። መኪናዋ በዚያን ጊዜ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። መካኒካችን ለሞተሩ ቤንዚን የሚመግበው ካርቡሬተር ቢለወጥ እንደ ልብ ትሄዳለች አለ፤ ዕቃው የሚገኘውም እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው ተባልን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ ሙሉ ክፍያው በቅድሚያ ይሁን ሲሉን ስለጣሉብን እምነት አመሰግናለሁ። እኔ ደረሰኝ እንቀበል ብል አባቴ ተቆጣኝ። አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው አይዋሽም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ልኩ እንዳይሳሳት አሮጌው ለናሙና ይምጣልኝ አሉ፤ የሙያው ወግ ነውና አባቴም ትክክል ነው አለ። ከዚያም ዓይኖቹ ደክመው ስለነበር እየዳበሰ በገዛ እጁ ፈታው፣ በቤንዚን አጠበው፣ በእናቴ የአንገት ልብስ ጠቅልሎ አመጣልዎ። ለናሙና የሚሰጥ ብረት እንደዚያ ተሞሽሮ ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ትንፋሽ እያጠራትም ቢሆን ትሄድ የነበረችው መኪናችን የቆመችው ያን ቀን ነው። እያረፈች፣ እያዘገመችም ቢሆን፣ እህትየው ቤት ልታደርሳቸው ትችል ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ዜናዎ። ዕቃው መጀመሪያ መርከብ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ ጉምሩክ ገባ፤ ከዚያ ፊርማ የሚያኖሩት የጉምሩክ ሹም ታመሙ። እናቴ እኒያን የማታውቃቸውን ሰው በየማለዳው በጸሎቷ ታስባቸው ነበር። ድነው እንደሆነ ቢያሳውቁን ታርፍ ነበር። በመጨረሻ ዕቃው የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል አሉና እርስዎም ዕቃውም የውሃ ሽታ ሆናችሁ። እኔ ስናደድ አባቴ ለእርስዎ ጠበቃ ይቆም ነበር፤ ሰውየው መንገድ ይዞት ነው እያለ። እንዲህ እያለ መጀመሪያ የመንገድ ምልክት ማንበብ ተሳነው፤ ቀጥሎ ከበሩ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመረ።

አራተኛውን በምስጋና መልክ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አባቴ አሁን አያይም።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን እየዳሰሰ ወደ ግቢው ይወጣና መኪናዋ ውስጥ ይገባል። እናቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ጫማዋን ተጫምታ ከጎኑ ትቀመጣለች። እሱ መሪውን ይይዛል፤ እሷ መንገዱን ትነግረዋለች። ድልድዩ ጋ ደረስን ትለዋለች፤ ዳገቱ ጀመረ ስትለው ማርሹን ይቀንሳል። ባለፈው እሑድ በመስኮት በኩል ስሰማ፣ ቤቷ ደረስን፣ እህቴ በር ላይ ቆማለች አለችው። አባቴ ያልተነሳውን ሞተር ለማጥፋት ቁልፉን አዞረ። ከዚያ ማንም አልወረደም። እኔ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።

ስለዚህ ጌታዬ፣ አዲሱን ዕቃ ይተዉት። ክፍያውንም ለጉምሩኩ ሹም መታከሚያ ያድርጉት። የምለምንዎ አሮጌውን እንዲመልሱልን ብቻ ነው። መካኒካችን ይገጥመዋል፤ መኪናዋ ከግቢው ባትወጣም ሞተሯ ይነሳል። ሞተር ለመስማት ዓይን አያስፈልግም።

ትዕግሥትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ላስተማሩን ለእርስዎ፣ ሱቅዎ በደንበኛ፣ ስልክዎም በዝምታ እንደተሞላ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የሹፌሩ ልጅ

ሳልረሳው፦ አባትሽን ዓይን ለዓይን እንዴት አየዋለሁ ብለው እንዳይሳቀቁ፤ እሱ አያይዎትም። ድምፅዎን ግን ያውቀዋልና፣ ዕቃውን በረንዳው ላይ አኑረው ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሱ። ከተናገሩ ወንበር ስቦ ያስቀምጥዎታል፤ ይኸው መጣ፣ አላልኳችሁም ብሎም በእኔና በእናቴ ላይ ይኮራብናል። እኔ ደግሞ ያንን ቆሜ ማየት አልችልም።