ስለ ኮሌጃችን ወንበሮች ለክቡር ዲን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የኮሌጃችን ዲን
ካርቱም፣ አዲስ ቀለም በተቀባው ፎቅ፣ በቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ የቢሮዎንም ጄኔሬተር ሰላም እጠይቃለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በግቢያችን ያላለቀ ብዙ ሥራ አለና እርስዎ ሳያዩት እንዳይቀር። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ስሜ ሀጀራ ይባላል። ቀን ሪያድ ሰፈር የሰው ቤት እሠራለሁ፤ በማታው ክፍል ደግሞ የጋዜጠኝነት ተማሪዎ ነኝ። ከኋላ ተቀምጣ የማትናገረውን፣ በዕድሜ ከሁሉም የምትበልጠውን ሐበሻ ካስታወሱ እኔ እሷ ነኝ። ማንበብ የለመድኩት ስኳርና ምስር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ቁራጭ ጋዜጣ ስለነበር ለብዙ ዘመን የወሬን መሃል እንጂ መጨረሻውን አላውቅም ነበር። ኮሌጅ የገባሁትም መጨረሻውን ለማወቅ ብዬ ነው፤ አሁን ስላወቅሁት ውለታዎ አለብኝ።

በአማርኛ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። በዐረብኛ ደጋግሜ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። በማያነቡት ቋንቋ ብጽፍልዎም ውጤቱ ያው ስለሆነ ቢያንስ እኔን በማያደክመኝ ልጻፍ አልኩ። የአገሬ ሰዎች ያነቡታል፤ ከመካከላቸውም ለክቡርነትዎ የሚተረጉም አይጠፋም። ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጨዋለሁ፤ ሐሳብን በቁጥር ማስቀመጥ ለአድማጭ ክብር መስጠት ነው ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎትና።

1. ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ።

ኮሌጁ ከጦርነቱ በኋላ የተከፈተበት በዓል እጅግ ያማረ ነበር። ግድግዳው ካሜራ እስከሚያየው ድረስ ነጭ ሆኗል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥቁር ደግሞ ጥላ ነው ሊባል ይችላል። የቴሌቪዥኑ ሰዎች በዋናው በር ደጋግመው ሲያስገቡንና ሲያስወጡን፣ ሰው ወደ ትምህርቱ በደስታ ሲመለስ ምን ያህል ጊዜ መመለስ እንደሚችል ተምሬበታለሁ። እኔን ከመሃል ያቆሙኝ የውጭ አገር ተማሪዎች ተመልሰዋል ለማለት ነው፤ ተማሪዎች የተባልነውም እኔ ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ወፍራም የምሕንድስና መጽሐፍ ከፍተው አስያዙኝና ፈገግ በይ አሉኝ። አንድ የምናገረው ነገር እንዳለኝ ለባለ ካሜራው በትሕትና ብነግረው፣ ድምፄ እንደማያስፈልግና ምስሌ ብቻ በቂ እንደሆነ በጨዋነት አስረዳኝ። መጽሐፉን ይዤ ፈገግ አልኩ። አለመታዘዝን በእርስዎ ኮሌጅ አልተማርኩም።

ልናገር የፈለግሁት ስለ ወንበሮቹ ነበር።

2. ስለ ወንበሮቹ በተለይ አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎ በጦርነቱ ጊዜ ፖርት ሱዳን ነበሩ፤ በግቢው ስለሆነው ነገር ከእኛ ይልቅ በእርግጠኝነት መናገር የቻሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። እኛ እዚህ የነበርነው ግን እንደሚከተለው እናስታውሳለን።

ተኩሱ ሲጀመር አሠሪዎቻችን የቤቱን ቁልፍ ለእኛ አደራ ሰጥተው ወጡ፤ ቆይቶም ቁልፉንም ቤቱንም የሚወስድ ሌላ ሰው መጣ። ያን ጊዜ ከሪያድም ከጀሪፍ ሰፈርም የተባረርነውን በር ከፍቶ በኮሌጁ ምድር ቤት ያስጠጋን ጥበቃው፣ አጎት ለማለት ዓም የምንለው፣ ዓም ጂብሪል ነው። ከእኔ ጋር የክፍል ጓደኛዬ ሰርካለም ነበረች። የሁለቱንም ወገን ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር፤ አንዱ ሰፈራችሁን ነጻ አውጥቻለሁ ሲል፣ ሌላው ሰፈራችሁን እየጠበቅሁ ነው ይል ነበር። ውሃ ልንቀዳ የምንወጣው ግን ሁለቱም ዝም ሲሉ ነው።

ሰርካለም የመተማ ልጅ ናት፤ በግራ እጇ ነበር የምትጽፈው። እንደሚያውቁት በኮሌጃችን ያሉት ወንበሮች ደብተር የሚኖርበት መጻፊያ ሰሌዳቸው በቀኝ በኩል ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ መጻፊያው በግራ ነበር። እንዴት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ዓም ጂብሪል ፋብሪካው ሲንቀላፋ የሠራው ነው እያለ ይቀልድበት ነበር። ሰርካለም ልጅ ሳለች ያን እጇን እንድትተወው በጨርቅ ያስሩባት ነበርና፣ ወንበሩን ያገኘች ቀን ተቀምጣበት ፎቶ ተነስታ ለእናቷ ላከች። «እትዬ ሀጀራ፣ እኔን ብሎ የተሠራ ወንበር አገኘሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተሻማትም።

አንድ ጠዋት ቧንቧው ዘንድ ተሰልፈን ሳለ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀብን። ሰርካለም፣ ዳቦ የሚሸጥልን ሽማግሌና አንዲት እናት ከነሕፃኗ እዚያው ቀሩ። ወደ መቃብር ስፍራ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቀበርናቸው። እንጨት የተባለ ሁሉ ምግብ ማብሰያ ሆኖ አልቆ ነበር። ዓም ጂብሪል ብረትና ፕላስቲክ በመሆናቸው ከእሳት የተረፉትን የተማሪ ወንበሮች አመጣና እግራቸውን በየራስጌው ቀበረው፤ በመጻፊያቸው ላይ ስማቸውን በሚስማር ጫርን። ለሰርካለም የራሷን ወንበር ተከልንላት፤ ስሟን በአማርኛ የጫርኩት እኔ ነኝ። እኔ የወሎ እስላም ነኝ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ግን ከጎረቤት እየሰማሁ ስላደግሁ እስከማውቀው ድረስ አልኩላት። የቀረውን ዓም ጂብሪል በራሱ ጸሎት ጨረሰው።

ለበዓሉ የእንግዳ ወንበር ባነሰ ጊዜ ሠራተኞችዎ ግቢውን ሲያስሱ እነዚህን አገኙ። ነቀሏቸው፤ አፈሩን ከእግራቸው አጠቡ፤ ሰማያዊ ቀለም ቀቧቸው፤ ከፊት ረድፍ ደረደሯቸው። ዓም ጂብሪል «ልጆች፣ እነዚህ ወንበሮች ሰው አላቸው» ብሎ ቢለምናቸው፣ ሰው ካላቸው ይምጣና ይቀመጥባቸዋ ብለው ሳቁበት። ሽማግሌው በማግሥቱ ከጥበቃ ሥራው እንዲያርፍ መደረጉን ስሰማ፣ ለዕድሜው ያሰቡለት መስሎኝ ልቤ ተነክቷል።

3. ስለ ኒዕማ አመሰግናለሁ።

ኒዕማ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ ናት፤ የተማሪዎቹን ገጽ በስልኳ የምታዘጋጀውም እሷ ነበረች። ወንበሮቹ ከመነቀላቸው በፊት ያነሳችውን ፎቶ ከሥሩ የሟቾቹን ስም ብቻ ጽፋ አወጣችው። አንድም ሰው አልሰደበችም፤ የየትኛውንም ወገን ስም አልጠራችም። ገጹ ተዘጋ፤ እሷም የኮሌጁን ስም በማጉደፍ ጥፋት ከትምህርት ታገደች። በመጀመሪያው ዓመት እርስዎ ራስዎ ዘጋቢ የሰማውን ሳይሆን ሄዶ ያየውን ይጻፍ ብለው ሲያስተምሩን ኒዕማ አንድም ቃል ሳታስቀር እንደያዘችው አሁን ገባኝ። ላጽናናት ቤቷ ብሄድ፣ እንደ አክስቷ የምታየኝ ናትና «ኻልቲ፣ የዲኑን ፈተና ሳላልፍ አልቀርም» አለችኝና ሻይ ልታፈላ ተነሳች። ተመልሳ ለመምጣት ዘገየች፤ እኔም ወደ ውስጥ ተከትያት አልገባሁም።

4. ስለ ንግግርዎ አመሰግናለሁ።

በበዓሉ ዕለት ምሽት በቴሌቪዥን ሲናገሩ ሰማሁዎ። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ በዚህ ግቢ አንድም ሰው እንዳልሞተና አንድም መቃብር እንደሌለ ሲያረጋግጡ ድምፅዎ ግልጽ፣ ፊትዎም የተረጋጋ ነበር። ወረቀትዎን ያኖሩበት መጻፊያ በግራዎ በኩል ስለነበር ሲያነቡ ጥቂት መጠማዘዝ ግድ ሆነብዎ እንጂ ሌላ ጉድለት አልነበረውም። እኔም በሰው ቤት ኩሽና በር ላይ ቆሜ፣ በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ንግግርዎ ግን ሩቅ ደርሷል፤ ደስ ሊልዎ ይገባል። ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ መተማ ገባ። እዚያ ዐረብኛ የሚሰማ አይታጣምና ለሰርካለም እናት፣ ለእማማ ብርሃን፣ ጎረቤት አስቀምጦ ተረጎመላት። ይህች ሴት እኔ ካረዳኋት ጀምሮ ጥቁር ለብሳ የኖረች ናት። የእርስዎን ቃል የሰማች ዕለት ጥቁሯን አወለቀች፤ ከዚያም ደወለችልኝ።

«አንቺ ሀጀራ፣ በአላህሽ፣ ልጄን በቁሟ ነው የቀበርሽብኝ?» አለችኝ።

በእጄ እንደገነዝኳት ነገርኳት። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ ያስተማራት ሰው፣ በዓለም ፊት ይዋሻል ወይ አለችኝ። ሁላችንም ታላቅን እንድናከብር ሆነን ነው ያደግነው። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ይህን ተናገረች፦ «ወንበሯን አየሁት። ፎቶው ላይ ያለው እሱው ነው። ቀለም ቀብተው ከፊት አኑረውላታል። ቦታዋን ይዘውላታል ማለት ነው።»

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ክፉ ወሬ ተሸክሜ ለሰው አድርሻለሁ። አንድን ሞት ሁለት ጊዜ ማርዳት ግን አልቻልኩም። ካለች ለምን አትደውልም ብዬ ብጠይቃት፣ ስልኳ ተቀምታ ይሆናል አለች፤ ታስራ ይሆናል አለች፤ ትምህርቱ በዝቶባት ይሆናል አለች። በመጨረሻ እኔን መጠየቅ ትታ መንገዱን ትጠይቀኝ ጀመር። ወንድ ሆነው፣ ጎልማሳ ሆነው እንኳ በሰላም ያልተሻገሩትን መንገድ አንዲት አሮጊት ለብቻዋ ልትሻገር ነው፤ ይህም እርስዎ ስለተናገሩት ነው።

5. ስለ ሲሚንቶውም በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከኒሙ ሥር ያለው መሬት በሚመጣው ሳምንት ተደልድሎ የሰንደቅ ዓላማ አደባባይ እንደሚሆን ሰምቻለሁ። ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተደርድሯል። በየግቢው የተቀበሩትን አንስቶ ወደ መቃብር ስፍራ የሚወስደው ኮሚቴ ደግሞ የግቢው ኃላፊ መቃብር መኖሩን ካላመነ አይመጣም፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ዲንሽ የለም ካለ የለም ነው አሉኝ። ወንበሮቹ ቢነሱም ማን የት እንዳለ ዓም ጂብሪልና እኔ ዛሬ ማሳየት እንችላለን። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን የምናሳየው አደባባይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሲሚንቶውን ያዘግዩልን። ከዚያም ለዚያው ካሜራ፣ በዚያው በሚያምር ድምፅዎ፣ ሰርካለም እዚህ ተቀብራለች ብለው አንድ ጊዜ ይናገሩ። ስለ ጦርነቱ ምንም ማለት አይጠበቅብዎም። ማን እንደተኮሰ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም። የእኔን ቃል የማታምን እናት የእርስዎን ታምናለችና፣ ልጇ መሞቷን ከእርስዎ ትስማ።

ለሰጡኝ ትምህርት ሁሉ ውለታዎን መክፈል እንደማልችል እያወቅሁ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለካሜራዎ ጥሩ ብርሃን፣ ለእንቅልፍዎም ጥልቀት እየተመኘሁ፣ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ድምጿ የማያስፈልግ ተማሪዎ፣
ሀጀራ
ከኋላ ረድፍ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከመተማ ተደወለልኝ፤ እማማ ብርሃን ተነስታለች። ከደረሰች መቃብር አሳዩኝ አትልዎትም፤ መቃብር እንደሌለ ነግረዋታል። የምትጠይቀው ወንበሩን ነው። ቀለሙ ወፍራም ቢሆንም ጣትዎን በመጻፊያው ላይ ቢያስኬዱት ስሟን ያገኙታል፤ ለዚያ አማርኛ ማወቅ አያስፈልግም። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠ ሁሉ «ኖር» ብሎ ይነሳል፤ የመጣውም «በእግዜር» ብሎ መልሶ ያስቀምጠዋል። እርስዎም ይነሱላት። በእግዜር ሳትልዎት ብትቀር ግን አይቀየሟት።