አሥራ ሁለቱ የጣሪያ መላእክት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሃያ ስምንት ጎብኚ። መናፈሻው፣ ሐውልቱ፣ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን... ያው እንደ ወትሮው። እነሱ ከአስጎብኚዋ ጋር ገቡ፣ እኔ አውቶቡሱን ጥግ አስይዤ መስታወት ወለወልኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይህችኑ! ሾፌር መኪናውን ጥሎ አይገባም። በእረፍቱ ቀንስ ማን ወደ ሥራ ቦታው ይሄዳል?
ማታ በሩን የከፈተችልኝ ባለቤቴ ናት። ራሷ፣ ያለ ከዘራ! ተመስገን። ሌላ ምን እላለሁ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
ሐኪሙ "ቀስ እያልሽ መሄድ ትችያለሽ" አላት። ቤት እንኳ ሳንደርስ፣ "እሁድ መላእክቱን ታሳየኛለህ" አለችኝ።
ክው አልኩ። ሆስፒታል ሦስት ወር ስትተኛ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ እያወራሁ ነበር የማስተኛት። አሥራ ሁለት መላእክት ተስለውበታል፤ አንዱ መለከት የያዘ፣ አንዱ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው... ልክ በዓይኔ እንዳየሁ አድርጌ! አስጎብኚዋ በሩ እስክንደርስ በማይክ የምትለውን ነው የቀዳሁት። "ድኜ አያቸዋለሁ" እያለች ነው ያን ሁሉ መርፌ የቻለችው። ብነግራት ከእንግዲህ ምኔን ታምናለች? ምን ይዋጠኝ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ሸሚዜን ተኮሰችልኝ። ልንገራት ብዬ... ተውኩት።

እሁድ፣ ጥቅምት 10
መናፈሻው ውስጥ ወንበር ባየች ቁጥር አረፍ አለች። "ይቺ አበባ ምን ትባላለች?"
"ቀይ አበባ።"
"እግዜር ይስጥልኝ፣ አስጎብኚዬ!"
ሐውልቱ ጋ ደግሞ ጉዴ ሊፈላ ነበር። አውቶቡስ የሚቆመው ከኋላ ነው፤ እኔ የማውቀው የፈረሱን ጭራ ብቻ። ለካ ፈረሰኛው ጢም አለው!
ቤተ ክርስቲያኑ ገባን። ክንዴን ይዛ ቀና አለች። እኔም ቀና አልኩ... ባዶ። እንደ እንቁላል ነጭ በነጭ።
ወለሉን የሚጠርጉትን ሽማግሌ፣ "አባቴ፣ መላእክቱስ?" አልኳቸው።
"ከቃጠሎው በፊት የነበሩት? እኔ ሳልወለድ ነደው አለቁ እኮ፣ ልጄ።"
ለካ አስጎብኚዋ ይህን የምትነግራቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው! እኔ የምሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ፤ ቀሪው ከጎብኚዎቹ ጋር ይወርዳል።
"ገብቼ አላውቅም" አልኳት። "አንድም ቀን። ይቅር በይኝ።"
አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ነጩን ጣሪያ እያየች፣ "መለከት የያዘው የት ጋ ነበር?"
"እ... ከበሩ በላይ።"
"ጫማ የሌለውስ?"
ጣቴን ቀሰርኩ። አንድ በአንድ አሥራ ሁለቱንም አስቆጠረችኝ። አንዱንም አልረሳችም።
"በል ተነስ፣ አየኋቸው። ውሸታም!" አለችኝ። እየሳቀች ነው። እኔ ግን እንባዬ መጣ፣ ምን ላድርግ? እነዚያን መላእክት በማይክ ያሰማኝ ይመስገን። እሷን አስነስተውልኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ዛሬ አብራኝ መጣች። ከፊት፣ ከጎኔ። በሩ ጋ ስንደርስ አስጎብኚዋን ተከትዬ ወረድኩ።
"ጋሼ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? መኪናውስ?"
"ጠባቂ አለው። ቀሪውን ግማሽ ልስማ ብዬ ነው።"
ዞር ስል ባለቤቴ የኔ ወንበር ላይ ተደላድላለች፤ መሪውን ይዛ። በመስኮቱ ጮኸችብኝ፦ "ግባ እንጂ! ስትመለስ ትነግረኛለህ። ያየኸውን ብቻ፣ ሰማህ?"