አዳራሻችንን ስላሞቁልን ትራሶች

ለተከበሩ የጋራ መሥሪያ አዳራሻችን ሥራ አስኪያጅ፣
ወልድያ

ለመሆኑ ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ ቁልፍ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በሰፊው አዳራሽ የየግል ሥራችንን ይዘን ጎን ለጎን የምንውል ተከራዮችዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው፣ «ቤተሰባዊ ስሜት» ያስፈልገዋል ብለው ስለደከሙልን ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩. ከደሴ ያስመጧቸው ሶፋዎችና ባለቀለም ትራሶች እጅግ ያምራሉ። እንግዳ ፎቶ እንዲነሣባቸው እንጂ የእኛ ወገብ እንዳያርፍባቸው በገመድ ስላጠሩልን፣ ቆመን እያየናቸው እንጽናናለን።

፪. ስልክ ጠጋኙ አብዱልሐሊምና እኔ ሽሮ የምንካፈልበትን፣ ሌላውም ምሳውን ይዞ የሚጠጋበትን ረጅም ጠረጴዛ «መልክ ያበላሻል» ብለው አስወጡት። በቦታውም «አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉልን። ምሳችንን አሁን በየጥጋችን እየበላን ሰሌዳውን እናነባለን።

፫. የልብስ ሰፊዋ የእልፍነሽ እናት ውርጌሳ ከተማ ያረፉት እርስዎ «የማኅበራዊነት ቀን» ብለው በሰየሙት ዕለት ነበር። ሟቿ ፕሮግራምዎን ሳይጠይቁ በመሞታቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኛም ሰው ሲሞት በምንረዳዳበት በቅሬያችን ደንብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥራችንን ዘግተን፣ ድንኳኑን ጭነን ለቀብር ወረድን። እርስዎ ከነፏቸው ፊኛዎች ጋር ብቻዎን እንደዋሉ ሰምተናል።

መቀየምዎ የገባን እልፍነሽ ከሐዘን ስትመለስ ነው። ልጆቿን የምታሳድግበት የስፌት መኪና በረንዳ ላይ ተጥሎ ጠበቃት፤ ቦታዋም ለሌላ ሊሰጥ ነው። መኪናው ላይ በለጠፉት ወረቀት የሰፈረው ምክንያት «ከማኅበረሰቡ ጋር አትቀላቀልም» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳነብ ስቄ ነበር። ጥቁሯን ለብሳ የመኪናዋን አቧራ ስትጠርግ ሳያት ግን አፈርሁ፤ ያፈርሁትም በእርስዎ ነው።

ስለዚህ ቦታዋን እንዲመልሱላት በትሕትና እጠይቃለሁ። እስከዚያው ሁላችንም ዕቃችንን ይዘን ከእርሷ ጋር በረንዳው ላይ ወጥተናል። የጣሉትን ጠረጴዛም እዚያው አግኝተነዋል። ቦታው ጠባብ ነው፣ ክርናችን ይጋጫል፣ ግን ይሞቃል። አዳራሽ እንዴት እንደሚሞቅ ማጥናት ሲያምርዎ ብቅ ይበሉ።

ቤተሰብዎ መሆኑን ከሰሌዳ ላይ ያነበበው፣
ፎቶ ኮፒ አንሺው ይርጋ
ከበረንዳው

ማስታወሻ፦ አያድርገውና ሐዘን ቢገጥምዎ፣ በቅሬያችን ስላልገቡ ሰው አጣለሁ ብለው አይስጉ። ትራሶቹ ለቅሶ ይደርሱልዎታል።