«እየመጣሁ ነው» የሚለው ጀልባ

ባሕር ዳር
ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፈይዛ አባት ለሀይደር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምህ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። አባትህም «ደኅና ናቸው ብለሽ ጻፊ» ብለውኛልና ደኅና ናቸው። ይኸን ያሉኝ አልጋ ላይ ሆነው ነው። ከአረፋ ወዲህ በራሳቸው አልተነሡም፤ የጣላቸውም ያ በሰው እጅ የላክኸው ፕላስቲክ ነው።

«ለአረፋ እመጣለሁ» ብለህ አልነበር? ልጅህ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መናኸሪያ ድረስ ጎተተችኝ። ከአውቶቡሱ አንተ ሳትሆን ካርቶን ወረደ። ሾፌሩ «ወደቡ ሥራ በዝቶበት ነው፤ ይኸን ለልጄ ብሏል» አለኝና የዓይኔን ሁኔታ ሲያይ ቶሎ ዞር አለ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መጫወቻ ሲሰበሰብ ጀልባ፣ ሲዘረጋ ሮቦት ነው። ጀልባ ሲሆን ጉልበቱ በጎን ያፈጣል፤ ሮቦት ሲሆን ደግሞ መቅዘፊያው ጀርባው ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሁለቱንም ልሁን ብሎ አንዱንም ያልሆነ። የፈይዛ አንጀት ግን ቅቤ ጠጣ። «አባቴ የሮቦቶቹን አለቃ ላከልኝ» እያለች ሰፈሩን አዳረሰችው።

ያረዳቻት የጎረቤታችን የመሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ልጅ ሩሐማ ናት። ሮቦቶቹ የሚዋጉበትን የልጆች ፊልም በእናቷ ስልክ ታየዋለች። «ይኸማ አለቃ አይደለም፤ ከኋላ የሚቆመው ነው። ስሙንም የሚጠራው የለም» አለቻት። ልጅህ አላመነችምና ሄደን አየነው፤ እኔም ሥራዬን ትቼ አብሬ ተቀመጥሁ። መኪና የሚሆነውና አውሮፕላን የሚሆነው ሲዋጉ፣ ያንተው ጀልባ ከሩቅ «እየመጣሁ ነው! ጠብቁኝ!» ይላል። ሳይደርስ አንዱ ጠላት በእርግጫ ይለውና ባሕር ውስጥ ይገባል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። በሚቀጥለው ክፍል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከኋላ ቆሞ ታገኘዋለህ። የት ነበርህ የሚለው የለም።

ወላሂ ሳቄ መጣ። አንተም እንዲህ የሚቀበልህ ቤት ያለህ ይመስልሃል። ፈይዛ ግን አልሳቀችም። «እየመጣ እኮ ነበር እማ፤ መንገድ ላይ መቱት እንጂ» አለችኝ። ምን ልበላት? ስልኩን ለሩሐማ መለስሁላት።

በማግስቱ ይዛው ወደ አያቷ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። አባትህን ታውቃቸዋለህ፤ ከሐይቁ ሣር ከደንገል ካልተሠራ ታንኳ አይሉትም። አገላብጠው አዩትና «ይኸማ ወገቡ ሁሉ ስንጥቅ ነው፤ እንዴት ብሎ ይንሳፈፋል?» አሉ።

«ሲመሽ ይቆማል እኮ አባባ! የእርስዎስ ታንኳ ሲመሽ ይቆም የለ?» አለቻቸው።

እውነቷን ነው፤ ታንኳ ቀን የጠጣው ውኃ እንዲወርድለት ማታ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ ተኝቶ ያደረ ይበሰብሳል። አባትህ ጀልባውን መልሰው ሰጧት። እሷም ለቀቀችው። በየመገጣጠሚያው ውኃ ጠጣና ከደንገሉ ወዲያ ሰጠመ። ልጅቷ ስትጮህ፣ እኒያ ደረታቸው የታመመ ሽማግሌ እስከ አንገታቸው ገቡ። በእግራቸው ጭቃውን ሲዳስሱ ቆይተው፣ እኔም ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ አወጡት። «ምን ነካዎት አባባ? ለዚህ ለማይረባ ዕቃ?» ብላቸው፣

«ልጄ የላከው አይደለም እንዴ!» ብለው ተቆጡኝ።

ከሄድህ ጀምሮ ልጄ ብለውህ አያውቁም። ስምህ ሲነሣ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከዚያ ሳሉና ትኩሳቱ ያዛቸው። ሐኪሙ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሯል አለ። መርፌ ይወጋሉ፤ ለውጥ ግን አላየሁባቸውም። ጀምረውት የነበረው ታንኳ ከነደንገሉ ዳር ላይ ወድቋል። ሲታሰር አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆኖ ገመዱን መሳብ አለበት፤ አንተ ከሄድህ ወዲህ ያንተን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። አሁን በእሳቸው በኩል የሚስብ የለም፤ ዝናቡም ጀምሯል።

ልጅህ ሐኪሙ ያለውን ሰምታ ኖሯል። ያን ጊዜውን ሮቦቷን ግድግዳው ሥር ዘርግታ አቆመችው። ቀጥላም «አባባንም እናቁማቸው፤ ውኃው ይውረድላቸው» አለችኝ። ልቆጣት ስል አባትህ ራሳቸው ብርድ ልብሱን ገፈፉ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኔ በአንድ ብብታቸው፣ እሷ በወገባቸው ይዘን፣ በር ላይ ምሰሶውን አስደግፈን እናቆማቸዋለን። እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ተቀመጡ ቢባሉ ግን እሺ አይሉም።

እኔ እንድትመጣ አልለምንህም። ያንተን «እየመጣሁ ነው» ከልቤ ንቄዋለሁ፤ ከአሁን በኋላ እንዳትጽፍልኝ። ብርድ ልብስህን ማጠቤንም ሰው ቢነግርህ፣ ለአባትህ እንዲደረብ ነው።

አላህ መንገድህን ያቅናው፤ መንገድ ላይ ከሚመቱህም ይጠብቅህ።

የፈይዛ እናት
ዘሊካ

ይኸንን ሳልነግርህ ላሽገው ነበር። አባትህን ስናቆማቸው ታንኳቸውን እንዲያዩ ብለን ፊታቸውን ወደ ሐይቁ እናደርጋለን። እጃችንን ስንለቅላቸው ምሰሶውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ መናኸሪያው መንገድ ይዞራሉ።