ጎሹ የዘረጋልኝ አበባ

ረቡዕ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ጁባ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምናገረውን ልጄ አልማዝ ትጽፋለች፤ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ዛሬ አትላባራ ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ ተቀምጬ ሳለ ስልኳን አምጥታ፣ "አባባ፣ ይሄ አንተ አይደለህም? የጋሽ ጎሹ ልጅ ናት ከአዲስ አበባ የላከችው" አለችኝ። ድምፅ የሌለው የድሮ የዜና ፊልም ነው። እኔና ጎሹ ለቀልድ ትርኢት ባሕር ተሻግረን ኤደን የሄድን ዕለት፣ ከመርከብ ስንወርድ የተቀረጸ። ያኔ ሁለታችን መድረክ ከወጣን ሳይስቅ የሚቀር ሰው አልነበረም።

የተጣላነውም በዚያው ጉዞ ነው። ቀድሞኝ ወርዶ ለሁለታችን የመጣውን አበባ ለብቻው ወሰደ ብዬ፣ ከተመለስን ወዲህ አብሬው አልሠራሁም። ሃምሳ ዓመት ለሰው ሁሉ ይህንኑ ሳወራ ኖሬያለሁ።

ፊልሙ ላይ ግን ጎሹ ከደረጃው ግርጌ ቆሞ ይጠብቀኛል። አበባውን ዘረጋልኝ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለፍኩት።

"ድገሚው" አልኳት። አራት ጊዜ አየሁት። አራቴም አለፍኩት።

"ልደውልላቸው?" አለችኝ አልማዝ።

"ተይ። መቅደም የሚወድ ሰው ነው፤ ቀድሞ ይደውል።"

"ስልክህን እኮ አያውቁትም፣ አባባ።"

ደክሞኛል፤ ሙቀቱም አልቻል ብሎኛል። ኋላ ግን ቁጥሬን ለልጁ ላኪላት አልኳት። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክታልኛለች። አጠገቡ ተቀምጫለሁ።