የትርፌ ማተብ

ይድረስ ለሚዜዬ፣ ቴፒ።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ቡናዬን ራሴ እለቅማለሁ፣ የጥላውን ዛፍ ራሴ እመለምላለሁ፣ ከአማን እስከ ሚዛን ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ባጃጅ አልለምንም። ይህንንም ወረቀት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለቀምኳት ፊደል ራሴ ነው የምጽፈው፤ ቢጣመም አትሳቅ። ልጄ ሰርካዲስ «ልጻፍልህ» ብትለኝ እምቢ አልኳት። እሷ ገና የማትሰማው ነገር አለኝ።

ለመሆኑ አንተ እንደምን ከርመሃል? ወገብህ ተሻለው? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ? ዝናቡ የተሰጣውን ቡናችሁን አላበላሸባችሁም? እኔ ከትርፌ መጉደል በቀር ደህና ነኝ።

የአርባዋን ተዝካር አወጣን። ለምን እንደቀረህ ሰው ሁሉ ጠየቀኝ። «ጴንጤ ነው፣ የተዝካር አይቀምስም» አልኳቸው። እውነቱን አንተም እኔም እናውቃለን። ሳጥኑ ሲወጣ ልትሸከም የዘረጋኸውን እጅህን ስለገፋሁት ነው።

እንግዲህ ልናገረው። ቀንቼብሃለሁ። ዛሬ አይደለም የጀመረኝ። ከሸኮ ስናመጣት ወንዙ ሞልቶ በጀርባህ ያሻገርካት አንተ ነህ፤ ሚዜ ነህና ወጉ ነው። እኔ ሙሽራው ጃንጥላ ይዤ ከኋላ። ውሃው መሀል ስትደርሱ አንድ ነገር አልካት፣ እሷም ሳቀች። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ «ምን አለሽ?» ብዬ ሳልጠይቃት ሞተች።

ቆይተህ ጌታን ተቀበልኩ አልክ። ይሁንልህ። ከዚያ በየአስራ አምስት ቀኑ ከቴፒ እየመጣህ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ አስተማርካት። እኔ ባሏ ያላስተማርኳትን! እናንተ በረንዳው ላይ ስታነቡ፣ እኔ ቡናው ውስጥ ቆሜ ድምጿን እሰማ ነበር። ለእኔ እንደዚያ ባለ ድምፅ አውርታኝ አታውቅም። ማተቧን በጥሳ ጸሎት ቤታችሁ የገባች ዕለት «አንተንም እኮ ይጠብቅሃል» አለችኝ፣ ጌታን ማለቷ ነው። «ሚዜዬ በገባበት በር አልገባም» አልኳት። «አቤት ግትር ሽማግሌ!» ብላ ሳቀችብኝ።

በመጨረሻ ሕመሟ ግን ወደ ማተቧ ተመለሰች። የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት የንስሐ አባቴን አባ ገብረወልድን ጠራኋቸው። «በፈቃዷ ነው?» ሲሉኝ «ዛሬ ጠዋት በአንደበቷ ለመነችኝ፤ ከዚያ ነው አንደበቷ የተያዘው» አልኳቸው። እሳቸውም እንደ ሥርዓቱ የተመላሽ ጸሎቱን ቄደር ደገሙላት፤ ማተቡን እኔ አሰርኩላት። እሁድ አረፈች። ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች፣ ለእኔ ከተያዘው ቦታ አጠገብ። አንተ ወደምትተኛበት ወደ እናንተ መቃብር አልሄደችም። ያን ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከለቅሶው መሀል ያሸነፍኩ መሰለኝ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ግን ድሌን ቀማኸኝ። ያ ወንጌላዊያችሁ «ብርሃን አይቶ የተመለሰ መዳኑን ያጣል» ሲል፣ አንተ ብድግ ብለህ «የዳነ አይጠፋም! ትርፌን ከእጁ የሚነጥቃት የለም፣ ባሏም ቢሆን!» አልከው። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጎረቤቴ ሳዲቅ ባይኖር ከዘራዬን አንስቼብህ ነበር። «እናንተ ካልተስማማችሁባት ለእኛ ለእስላሞቹ ስጡን» ብሎ ለቀስተኛውን አሳቀው።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቡናው ውስጥ ሁሉ ይከተለኛል። የዳነ የማይጠፋ ከሆነ፣ እሷ አንተ ከምትሄድበት ናት። ዳግመኛ አንተ ከእሷ ጋር ተሻግረህ፣ እኔ ከማዶ ጃንጥላዬን ይዤ ልቀር ነው። የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያጠፋት... እሱን ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ። አባ ገብረወልድ «በንስሐ አርፋለች፣ ምን አስጨነቀህ?» ይሉኛል። እሳቸው የሚያውቁት እኔ የነገርኳቸውን ነው።

አንተ መጽሐፉን ታውቃለህና ፈልግልኝ። ሰው ሳይመለስ ሌላው ተመልሷል ብሎ ቢመሰክርበት፣ በሰማይ የሚጸናው የማን ቃል ነው? ባለቤቱ ሳያውቅ አንገቱ ላይ የታሰረ ማተብስ ይቆጠርበታል?

ልታጽናናኝ ብለህ እንዳትዋሸኝ። ቅናቴንም አትፍራ። ጠፋች ከምትለኝ፣ ካንተ ዘንድ ናት በለኝ። እችለዋለሁ።

ያለብኝን ዕዳ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ሳጥኑ ላይ የገፋሁትን እጅህን ቴፒ ድረስ መጥቼ ራሴ እስመዋለሁ። ለአባ ገብረወልድ፣ የትርፌ አንደበት የተያዘው ሐሙስ ሳይሆን ማክሰኞ እንደነበር ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ቢያወግዙኝም ያውግዙኝ። ሰርካዲስ «እማዬ እውነት ለምናህ ነው?» ብላ ጠይቃኛለች፤ እሷንም ራሴ አስቀምጬ እመልስላታለሁ። የትርፌን ግን እፊቷ ቆሜ ነው የምከፍለው፤ ለዚያ ደግሞ የት እንዳለች ማወቅ አለብኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፣ ቤትህን ይባርከው። ወገብህንም ይጠግንልህ፤ የምታሻግረው አንድ ሰው ይቀርሃል።

ሙሽራህ